ማንበብን በግጥም ያስተማረችን ገነቴ

ገነቴ ኤርጫፎ ሆሳዕና ውስጥ የሰባተኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪያችን ሆና ስትመጣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ዘመኑ 1957 ዓ.ም. ነው። በክፍል ውስጥ «ወይዘሪት» እና «እርስዎ» እያልን ነበር የምናነጋግራት። አሁን «እሷ» እያልኩ የማወራው ራሷ ስለፈቀደችልኝ ነው። «ማቴዎስ፣ አንተም አስተማሪ ሆነሃል፤ ከእንግዲህ እርስዎ ካልከኝ አርጅቻለሁ ማለት ነው» ብላኛለች።

የተወለደችው ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ የሌሞ ገጠር ነው። አባቷ አቶ ኤርጫፎ እንሰትና ገብስ የሚያመርቱ፣ በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌነት የሚያገለግሉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸውን ግን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቧት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ እሑድ እሑድ ሕዝብ ፊት ቆማ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ የምታነብ ልጅ ሆነች። ሳትደናቀፍ፣ ትንፋሿን ሳታቋርጥ ታነብ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ የሚናገረው ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛውን በደንብ የሚረዳ ጥቂት ሰው ነበር። ቢሆንም ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጣታል፤ አባቷም አንገታቸውን ቀና አድርገው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ከፍርድ ቤት ለአባቷ ወረቀት መጣ። አቶ ኤርጫፎ በወንዙ ዳር ባለ የግጦሽ መሬት ከጎረቤታቸው ጋር ይካሰሱ ነበር። ወረቀቱን ገነቴ እንድታነብ ሰው ተሰበሰበ። እሷም ቆማ ከላይ እስከ ታች እንደ መዝሙር አወረደችው።

አባቷ በሀዲይኛ «ምን ይላል?» አሏት።

ከወረቀቱ መጨረሻ ላይ «ተከሳሹ በተባለው ቀን ሳይቀርብ ቢቀር በሌለበት ታይቶ ይወሰናል» የሚል ነበረበት። ገነቴ የገባት ከ«በሌለበት» ወዲህ ያለው ብቻ ነው። «አንተ ሳትኖር ይወስናሉ ይላል» ብላ መለሰች።

«እንግዲያው እኔን አይፈልጉኝም ማለት ነው» አሉ አባቷ። ወቅቱ የገብስ አጨዳ ነበር። በቀጠሮው ቀን ማጭዳቸውን ይዘው እርሻቸው ላይ ዋሉ። መሬቱ ለጎረቤቱ ተፈረደ።

ይህን የነገረችን እሷው ናት፤ ሰባተኛ ክፍል እያለን፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ ጠመኔዋን እንደያዘች። «አባቴ አልተቆጣኝም» አለችን። «'በጣም አሳምረሽ ነበር ያነበብሽው' ብቻ ነው ያለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።»

ገነቴ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብታ የተመረቀችው ያ ነገር ከውስጧ ሳይወጣ ነው። ሆሳዕና ተመድባ እኛ ክፍል ስትገባ ያገኘችው ደግሞ ሃምሳ ሁለት ትንንሽ ገነቴዎችን ነበር።

ምክንያቱም ሁላችንም ማንበብ እንችል ነበር። ሀዲያው፣ ከምባታው፣ የጉራጌ ነጋዴዎች ልጆችም ሳይቀሩ። በተለይ ጵርስቅላ የምትባል፣ ከአንጋጫ መጥታ አጎቷ ቤት የምትኖር ልጅ ነበረች፤ እሷ ስታነብ የጎረቤት ክፍል ተማሪዎች በመስኮት ያዳምጡ ነበር። የገባን ግን ጥቂት ነው። ያልገባን መሆኑን መደበቅም እናውቅበታለን። አስተማሪ «መንገደኛው መቼ ተመለሰ?» ብሎ ሲጠይቅ «ተመለሰ» የሚለውን ቃል መጽሐፉ ውስጥ በጣታችን እንፈልግና ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ እናነባለን። መልሱ ልክ ነው፤ አስተማሪው ደስ ይለዋል፤ እኛም እንቀመጣለን።

ገነቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነቃችብን። «በራሳችሁ ቃል ጻፉ» አለችን፤ ከመጽሐፉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ገልብጠን ሰጠናት። «መጽሐፉን ዝጉና ንገሩኝ» አለችን፤ በቃላችን ሸምድደን ወጣንላት። ማታ ማታ ደብተራችንን ስታርም ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ይገጥማት ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከመጫወቻ ሜዳ ነው። ትርፊት የምትባል የክፍላችን ልጅ ገመድ እየዘለለች፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጋሽ ዳኘን ባልሰሙበት ትተርብ ነበር።

ጋሽ ዳኘ ደወሉን ረስቶት ሲተኛ፣
ፀሐይ ቀሰቀሰው እንደ ጓደኛ።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ገነቴ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ትርፊት ዞር ስትል አስተማሪዋን አየችና ገመዱን ጥላ ልትሮጥ ስትል ገነቴ ክንዷን ያዘቻት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም፣ ወይዘሪት። ሁለተኛ አይለመደኝም።»

«አልተቆጣሁሽም። 'እንደ ጓደኛ'ን ከየት አመጣሽው?»

ትርፊት ትንሽ አሰበች። «ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አየዋለሁ። ከሷ ጋር የሚያወራ ነው የሚመስለው።»

ገነቴ ወደ ቢሮ ሳትሄድ እዚያው ሜዳው ላይ ቆማ ቀረች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገር ነው የገባት። አንደኛ፣ ሰው ስለማያውቀው ነገር ቤት ሊመታ አይችልም። ሁለተኛ፣ የማንበቢያ መጽሐፋችን ከዳር እስከ ዳር ስድ ንባብ ስለሆነ ከሱ ገልብጦ ግጥም የሚሠራ ልጅ የለም። መገልበጥ የማይቻልበት የቤት ሥራ አገኘች።

በማግስቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ አጭር ንባብ ጻፈችልን። እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ። አንድ መንገደኛ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደጁ ገርበብ ብሏል። ውሻው አይጮህም። ምድጃውን በእጁ ሲዳስሰው አመዱ ቀዝቅዟል። ከማዶ ጎረቤቱ ታየውና እንስራዋን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። በቃ፣ ይኼው ነው።

«ጎረቤቲቱ ፊቷን ለምን ሸፈነች?» አለችን።

እኔ እጄን አወጣሁ። «ፀሐይ ስለነበረ ነው፣ ወይዘሪት።»

ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም የመሰለው እንደዚያ ነበርና።

«እሺ» አለች ገነቴ። «ነገ እያንዳንዳችሁ አራት አራት ስንኝ ጽፋችሁ ትመጣላችሁ። ግጥሙ ንባቡ ያለውን ሁሉ ይበል። ቤት ይምታ። ዛሬ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በምትፈልጉት ቋንቋ ተነጋገሩበት።»

እርስ በርስ ተያየን። በትምህርት ቤቱ ግቢ ከአማርኛ በቀር መናገር ያስቀጣ ነበር። ገነቴ በሩን ዘጋችና «በሹክሹክታ» አለች። ክፍሉ ወዲያው በሀዲይኛና በከምባትኛ ተሞላ፤ ጉራጊኛም ነበረበት።

በማግስቱ እኔ ይዤ የቀረብኩት ሁለት ስንኝ ብቻ ነው።

መንገደኛው መጣ ቤቱን ሊያይ፣
ጎረቤቱም ሸሸች ከፀሐይ።

ገነቴ አንብባ ደብተሬን መለሰችልኝ። «አመዱስ የት ሄደ?»

«አመዱ ቤት አልመታልኝም፣ ወይዘሪት።»

«ቤት ያልመታልህ ስላልገባህ ነው። አመድ ነክተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ነገ ጠዋት ንካና ና።»

የምኖረው አክስቴ ቤት ነበር። አክስቴ ሁልጊዜ ከመተኛቷ በፊት እሳቱን አመድ አልብሳ ትዳፍነዋለች። በማግስቱ ማንም ሳያየኝ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ እጄን ከአመዱ ውስጥ ከተትኩ። ይሞቃል! ሙሉ ሌሊት አድሮም ይሞቃል። አመድ ለመቀዝቀዝ ስንት ቀን እሳት የማይነካው ቤት መሆን አለበት? ውሻውስ ለምን አልጮኸም? ማን ሊመግበው ኖሮ? ንባብ አንብቤ ልቤ ሲደነግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ቁርሴን ሳልበላ ደብተሬን አወጣሁ።

ሰው ያለበት ምድጃ ሌሊቱን ይሞቃል፣
የመንገደኛው ግን አመዱ ቀዝቅዟል፤
ጎረቤቱ ፊቷን የሸፋፈነችበት፣
ፀሐይ ፈርታ አይደለም፣ መርዶ ነው ያለባት።

ገነቴ ይህን አነበበች። ጠመኔውን ሰጠችኝና «ሰሌዳው ላይ ጻፈው» አለችኝ። ጨርሼ ስዞር ጵርስቅላ፣ ያቺ ንባቧ የሚደነቅላት ልጅ፣ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። «ሞተዋል እንዴ?» አለች በቀስታ። «አምስት ጊዜ ነው እኮ ጮክ ብዬ ያነበብኩት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሳንገጥም የምናልፈው ንባብ አልነበረም። ስለ ንብ እርባታ አነበብን፤ ገጠምን። ስለ ዓባይ ወንዝ አነበብን፤ ገጠምን። የሳይንስ መጽሐፋችን ስለ ወባ የጻፈውን ሳይቀር ወንዳፈረው የሚባል ልጅ በትንኟ አንደበት ገጥሞት መጣ፤ የሳይንስ አስተማሪያችን ሰምተው ጤና ጣቢያው ላይ እንዲለጠፍ ወሰዱት። ብዙው ግጥማችን ሸካራ ነበር። ገነቴም ስለ ውበቱ ብዙ አትጨነቅም። ቀይ እስክሪብቶዋ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። «ይህን ከየት አገኘኸው? ንባቡ አላለም» ትላለች፤ ወይም «ይህን ለምን ተውሽው?»

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ አሳምነው ጥብቅ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ የሚያሳስባቸው የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ነበር። ባለፈው ዓመት ከአርባ ስምንት ተማሪ ያለፉት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ናቸው። አንድ ቀን በሩን ከፍተው ሲገቡ ሃምሳ ሁለታችንም በየቋንቋችን እየተሟገትን አገኙን።

«ይህ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው ወይስ የቅዳሜ ገበያ?» አሉ።

ሁላችንም ብድግ አልን። ገነቴም ቆማ ነበር። «የአማርኛ ነው፣ ጌታዬ። መጀመሪያ ይግባቸው ብዬ ነው።»

«በአማርኛ ይግባቸዋ!»

«በአማርኛ እንዲገባቸው ነው በሀዲይኛ የሚጠያየቁት።»

«ግጥሙስ? በሚኒስትሪ ፈተና ላይ ግጥም ጻፉ የሚል ጥያቄ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም፣ ጌታዬ። ንባብ ተረዱ የሚል ግን አይቻለሁ።»

አቶ አሳምነው ፊታቸው ቀላ። በተማሪ ፊት ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወጡ። በሳምንቱ ግን ለበላይ ጽፈው ኖሮ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ኢንስፔክተር እንደሚመጡ ተሰማ። ገነቴ ልትባረር ነው ተባለ። ጵርስቅላ ግጥም የተጻፈባቸውን ደብተሮች እንድንደብቅ አሳሰበች። ገነቴ ስትሰማ ደብተሮቹን በሙሉ ሰብስባ ጠረጴዛዋ ላይ ከመረቻቸው። «የሠራነውን ሥራ አንደብቅም» አለች።

ኢንስፔክተሩ አቶ ወልደሰንበት ይባላሉ። ሽበት የጀመራቸው፣ ካፖርት የለበሱ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ነበሩ። ከአቶ አሳምነው ጋር ገብተው ከደብተሮቹ ክምር አንዱን ሳቡና አንድ ሁለት ገጽ አነበቡ። ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«ይህ ግጥም ነው?»

«ለግጥምነቱ አይደለም፣ ጌታዬ» አለች ገነቴ።

«ለምን ነው ታዲያ?»

«ያነበቡት ገብቷቸው እንደሆነ የማውቅበት ሌላ መንገድ አጣሁ።»

አቶ ወልደሰንበት ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ያረጀ፣ በመታጠፊያው ላይ ሊቀደድ የደረሰ ወረቀት አወጡ። «እንግዲህ አይታችሁት የማታውቁትን አነብላችኋለሁ» አሉ። በከተማ የሚማር ልጅ ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ ነበር። ልጁ ጤና መሆኑን ይናገራል። ምግብ እንደሞላ ይናገርና ሰኞ ምን እንደበላ፣ ማክሰኞ ምን እንደበላ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ጫማው ስለጠበበው ለጓደኛው እንደሰጠው፣ የከተማው ብርድም እንደሚባለው እንዳልሆነ፣ ለበዓል ግን ሥራ ስለሚበዛበት እንደማይመጣ ይናገራል። ሁለት ጊዜ አነበቡልን።

«ልጁ እንዴት ነው?» አሉ።

አቶ አሳምነው ወደ እኛ ጎንበስ አሉ። «ተመችቶታል ነው እኮ የሚለው፤ መልሱ እንጂ!» አሉን በሹክሹክታ።

ጵርስቅላ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ጊዜ ይስጡን።»

«ስንት?»

«አራት ስንኝ የሚያጽፍ።»

ኢንስፔክተሩ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሃምሳ ሁለት እርሳስ መሮጥ ጀመረ። ሩብ ሰዓት ሲሞላ ጵርስቅላን ጠሯት። እሷም ወደ ፊት ወጥታ፣ በዚያ ሰው ሁሉ በሚወደው ድምጿ ሳይሆን ዝግ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነች አነበበች።

ጠግቤያለሁ ብሎ ምሳውን ይቆጥራል፣
ጫማ ሰጠሁ ብሎ ባዶ እግሩን ይሄዳል፤
እናቱ እንዳታዝን ደብዳቤው ይስቃል፣
ጸሐፊው ግን ርቦት ብቻውን ያለቅሳል።

«ርቦት መሆኑን በምን አወቅሽ?» አሉ አቶ ወልደሰንበት።

«የጠገበ ሰው የበላውን አይቆጥርም፣ ጌታዬ። እኔም ለእናቴ እንደዚያ እየጻፍኩ ነው የምልከው።»

አቶ ወልደሰንበት ወደ መስኮቱ ሄደው ውጭ ውጭውን አዩ። ከዚያ የሌሎቻችንን ጽሑፍ አንድ በአንድ ሰብስበው ቆመው አነበቡ። ከሃምሳ ሁለታችን ልጁ ተመችቶታል ያሉት አራት ብቻ ናቸው። አራታችን ማለት አለብኝ፤ እኔም ነበርኩበት። ቤት በመምታቱ ተጠምጄ ጫማውን ረስቼው ነበር።

«ወይዘሪት ገነቴ» አሉ በመጨረሻ፤ «ግጥሙ ገና ግጥም አይደለም። ንባቡ ግን ንባብ ነው። እንዲህ የሚያነብ ክፍል በብዙ ቦታ አላየሁም።»

አቶ አሳምነው ደብዳቤውን ከየት እንዳመጡት ጠየቋቸው። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ። «የራሴ ነው» አሉ። «እናቴ ስታርፍ ከሳጥኗ አገኘሁት። ልጄ ተመችቶታል እያለች ያገኘችውን ሰው ሁሉ ታስነብብ ነበር አሉኝ። ካነበቡላት ሁሉ አንድም ሰው እንዲህ ብሎ አልነገራትም።»

ገነቴ ሰውየው ከወጡ በኋላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። በክፍል ውስጥ ተቀምጣ አይተናት አናውቅም። በእጇ «ውጡ፣ ተጫወቱ» አለችን።

በሚቀጥለው ዓመት ከእኛ ጋር ወደ ስምንተኛ ክፍል አለፈች። ይህን የወሰኑት አቶ አሳምነው ራሳቸው ናቸው። ክፍላችን ጫጫታ ሲያሰማ በመስኮት ብቅ ይሉና «በሹክሹክታ!» ብለው ያልፋሉ። የሚኒስትሪ ውጤት ሲመጣ ዝርዝሩ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከሃምሳ ሁለታችን አርባ ስድስቱ አልፈናል። አቶ አሳምነው ኮታቸውን አስተካክለው ከዝርዝሩ አጠገብ ቆሙና ለመጣው ወላጅ ሁሉ «በአማርኛ ከአውራጃው አንደኛ ነን» ይሉ ነበር፤ ጠላ ሻጯም፣ ሱቅ የሚነግዱት አቶ ጠናም፣ ከጊምቢቹ ልጁን ሊጠይቅ የመጣው ገበሬም ተነግሮታል። ገነቴን ግን ፈልገን ያገኘናት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ያላለፉትን ስድስቱን ልጆች አስቀምጣ ለዳግም ፈተና ማስጠናት ጀምራ ነበር።

እኔ ማሠልጠኛ ገብቼ ተመረቅሁና በ1963 ዓ.ም. ሞርሲቶ ከተማ ለማስተማር ተመደብኩ። የመጀመሪያውን የመንፈቅ ዕረፍት ጠብቄ ያደረግሁት ነገር ገነቴን ለትምህርት ቤታችን አስተማሪዎች እንድትናገር መጋበዝ ነው። አሥራ አንድ አስተማሪዎች ነበርን፤ አብዛኞቹ በዕድሜ ከእሷ ይበልጣሉ። በጋሪ መጣች፤ አቧራዋን አራግፋ ክፍል ገባች፤ ንግግር ያደርጉልናል ብለው ለሚጠብቁት ሰዎች አንድ አንድ ወረቀት አደለችና «ይህን ንባብ በአራት ስንኝ ጻፉልኝ» አለች።

ከመካከላችን አንጋፋው አቶ ጥላዬ ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው ነበሩ። «እኔ ግጥም ጽፌ አላውቅም፣ እመቤቴ» አሉ።

«አውቃለሁ። ተማሪዎችዎም ጽፈው አያውቁም» አለቻቸው በፈገግታ።

አቶ ጥላዬ መነጽራቸውን አደረጉና ጻፉ። ሲጨርሱ ቆመው፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አነበቡ። አጨበጨብን። ገነቴ አላጨበጨበችም።

«ሦስተኛው ስንኝ አልገባኝም፣ ጋሼ» አለች በአክብሮት።

አቶ ጥላዬ ወረቀቱን አዩት፤ ንባቡን አዩት፤ እንደገና ወረቀቱን አዩት። «እውነትሽን ነው፤ ለካ እኔም አልገባኝም» አሉና በሳቅ ፈነዱ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ወዲያው ተቀምጠው ንባቡን ከመጀመሪያው፣ ጣታቸውን ከቃል ቃል እያሳለፉ ማንበብ ጀመሩ። የምሳ ደወል ተደወለ፤ የተነሣ ሰው አልነበረም። ገነቴ በዴስኮቹ መካከል እየተዘዋወረች ከእያንዳንዳችን ትከሻ በላይ ጎንበስ ብላ ታነብ ነበር። እኔም ለአጠገቤ ሰው «አስተማሪዬ ናት» አልኩት፤ ሳይጠይቀኝ።